ባርድ ሆነው ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስን፣ ማለትም አንድ መሪ ታሪኩን እየተረከ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ እመራለሁ፤ ባርድን፣ በዜማና በቃል አስማት የሚሠራውን ገጸ ባሕርይ፣ የሚመርጡ ጀማሪዎችም ዘወትር በተመሳሳይ ቦታ ሲሰናከሉ አያለሁ። የምጠቅሰው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን አምስተኛ እትም ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የማበረታቻ ዳይስን ማስቀመጥ ነው። ባርድ በተራው፣ በቦነስ አክሽኑ (በአንድ ተራ አንዴ ብቻ በሚፈቀደው ተጨማሪ ድርጊት)፣ በ60 ጫማ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ለሚሰማ አንድ ጓደኛው ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይሰጣል፤ ተቀባዩም በ10 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ የድርጊቱን መሳካት የሚወስነውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ ቁጥሩን ካየ በኋላ፣ መሪው ውጤቱን ሳይናገር፣ ባለ 6 ገጹን ጥሎ ሊደምርበት ይችላል። አስቀድሞ ያልተሰጠ ዳይስ ግን ጓደኛ ሲንሸራተት አይደርስለትም። ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ የሚመጣ አንድ ወጣት ሦስቱንም ዳይሶች «ለዋናው ውጊያ» ብሎ ይዟቸው ሳለ፣ ተዋጊያችን በገመድ ድልድይ ላይ 13 አስፈልጎት 11 አመጣ። ከባለ 6 ገጹ 2 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣለት ይተርፍ ነበር፤ ከስድስቱ ገጾች አምስቱ ያድኑት ነበር ማለት ነው። አራት ወር የተጫወትንበት ገጸ ባሕርይ ገደል ገባ፣ ዳይሶቹም ሳይነኩ አደሩ። ያደረ ዳይስ ደግሞ አይጠራቀምም፤ ገጸ ባሕርያቱ በጨዋታው ውስጥ ከሚያርፉት ረጅም ዕረፍት በኋላ ቁጥሩ ያው ነው፣ ባርዱ 5ኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላም በአጭር ዕረፍት ይመለሳል። ስለዚህ እባካችሁ ስጡ! ከዚያ ቀን ወዲህ ከሉዶ ሳጥን የወሰድኳቸውን ዳይሶች ባርዱ ፊት እደረድራለሁ፤ ሲሰጥም በእጁ አንስቶ ለጓደኛው ያስረክባል።

ሁለተኛው የሌላውን ተራ መሻማት ነው። ባርድን በአዝማሪ መመሰላችን መልካም ነው፤ ነገር ግን አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል ጆሮውን ሰጥቶ ከታዳሚው የመጣለትን ስንኝ ተቀብሎ እንደሚያዜም መዘንጋት የለብንም። እኔም በመጀመሪያው ባርዴ አጥፍቻለሁ፤ ሌባ ሆና የምትጫወተው ዝምተኛ ጓደኛችን ቁልፍ ልትከፍት ስትዘጋጅ በአምባሰል ዜማ ግጥም ስደረድር ተራዋን በላሁባት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጣችም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኮንሰንትሬሽን (ድግምቱ እንዲቆይ ሐሳብን በእሱ ላይ ማድረግ) የሚጠይቁ ሁለት ድግምቶች በአንድ ጊዜ አይያዙም፤ ሁለተኛው ሲጀመር የመጀመሪያው ይቋረጣል።

ቀላል ጥሩር ለብሶ ከፊት መሰለፍም አያዋጣም።

የወደቀን ጓደኛ ለማንሳት በጠላት መካከል ሮጦ መንካት አያስፈልግም፤ ፈዋሽ ቃል የተባለው ድግምት ከ60 ጫማ ርቀት በቦነስ አክሽን ያነሳዋል። የማበረታቻ ዳይስም በዚያው ቦነስ አክሽን ስለሚሰጥ፣ በአንድ ተራ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ይህን ምርጫ ተራቸው እስኪደርስ ሳያስቡበት የሚቆዩ ብዙዎች ናቸው።

በመጨረሻ፣ ካሪዝማ፣ ማለትም የገጸ ባሕርዩ ሰውን የመማረክ ችሎታ፣ አስማት አይደለም። 20 ስለወጣ ብቻ ንጉሥ ዘውዱን አያስረክብም። ለሽምግልና የሚሄድ ሰው የሚናገረውን ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ባርድም ምክንያት ይዞ መቅረብ አለበት። ጀማሪ «አሳምነዋለሁ» ብሎ ዳይስ ሲያነሳ «ምን ብለህ?» እለዋለሁ። ያ የኮምቦልቻ ልጅ በቅርቡ ለበር ጠባቂው «ወንድምህን ከእስር ያወጣነው እኛ ነን» ሲል፣ የሚያስፈልገውን ቁጥር ከ20 ወደ 12 አወረድኩለት።