ቤቱን ያጠበበው ኮተት ነው፦ የቤተሰብን ቤት ደረጃ በደረጃ እንዴት ማስተካከል ይቻላል

ከሁሉ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናገር። ቤቴን ላስተካክል ብዬ በተነሳሁበት ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ወጥቼ ባለክዳን የፕላስቲክ ሳጥን መግዛት ነበር። ስድስት ሳጥን! ወለል ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ ሞላኋቸው። ከደንኳቸው። ደረደርኳቸው። ቤቱ ሁለት ሳምንት አማረ። ከዚያ የጥፍር መቁረጫው ጠፋ። ስድስቱንም ሳጥን ገልብጬ ፈለግሁ። ማታ ሳሎኑ ከበፊቱ የባሰ ሆኖ አደረ። የጥፍር መቁረጫው የተገኘው ሶፋው ስር ነው።

ኮተቱን አልቀነስኩትም ነበር፣ ደብቄዋለሁ እንጂ። ቤት ውስጥ የሚያስቸግረን አብዛኛው ዕቃ ገና ያልተወሰነበት ዕቃ ነው። ይቆይ ወይስ ይውጣ? ከቆየስ ቦታው የት ነው? እኛ ይህን ጥያቄ በሸሸን ቁጥር ዕቃው ኮመዲኖ ላይና በር ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ በአብዛኛው የመወሰን ሥራ ነው። ሳጥኑ በኋላ ይመጣል።

1. ከአንድ መሳቢያ ጀምሩ

ቤቱን በሙሉ በአንድ የእረፍት ቀን እጨርሳለሁ ብላችሁ አትነሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁምሳጥኑን ሙሉ አልጋ ላይ ዘርግፎ ሲመሽ የሚተኙበት ማጣት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

አንድ መሳቢያ ወይም አንድ መደርደሪያ ምረጡ። የስልካችሁን ማንቂያ ለ20 ደቂቃ ሙሉት። ሲጮህ ያልጨረሳችሁት ካለ መልሱና ነገ ቀጥሉ።

ለመጀመሪያ ቀን ትዝታ የሌለበት ቦታ ይሻላል። የመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ፣ የጫማ ቦታ፣ የገመድና የቻርጀር መሳቢያ ጥሩ ናቸው። ፎቶ፣ ደብዳቤና የልጆች የሕፃንነት ልብስ መጨረሻ ላይ ይሁኑ። አንድ የድሮ ፎቶ ካነሳችሁ 20 ደቂቃዋ አለቀች ማለት ነው።

2. ሁሉንም አውጡና ለዩ

መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጉት። ከላይ ከላይ እያገላበጡ መምረጥ ብዙም አያስኬድም፣ እጅ የለመደውን መልሶ ያስቀምጣል። ባዶውን ጥረጉት። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ ከአራት ክምር በአንዱ ላይ አድርጉ፦ የሚቆይ፣ የሌላ ክፍል የሆነ፣ ለሰው የሚሰጥ፣ የሚጣል።

አምስተኛ ክምር አትጀምሩ። «በኋላ አየዋለሁ» የሚባለው ክምር ቀስ በቀስ ሌሎቹን አራቱን ይውጣቸዋል። የእውነት ከከበዳችሁ ለዚህ አንድ ካርቶን ብቻ ፍቀዱ። በስኮች አሽጉት፣ የዛሬን ቀን በማርከር ጻፉበት። 6 ወር ሳትከፍቱት ካለፈ ውስጡ ያለውን አልፈለጋችሁትም። ሳትከፍቱ ስጡት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከፍቼ አያለሁ፣ አንድ ጊዜ የልደት ሰርተፍኬት አግኝቼበታለሁና።

የሌላ ክፍል የሆነውን ዕቃ ወዲያው ይዛችሁ አትሂዱ። መቀስ ልትመልሱ መኝታ ቤት ትገባላችሁ፣ እዚያ ሌላ ሥራ ታያላችሁ፣ በዚያው ትቀራላችሁ። በአንድ ቅርጫት ይጠራቀምና መጨረሻ ላይ ዞራችሁ አድርሱት።

3. እጃችሁ ሲያመነታ

ሥራው እውነት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው እንደማይጠቅመን እያወቅን እንሳሳለታለን። እ.ኤ.አ. በ1990 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ በነፃ ታደለ። ከዚያ ባለኩባያዎቹ በስንት እንደሚሸጡት፣ ያልደረሳቸው ደግሞ በስንት እንደሚገዙት ተጠየቁ። ሻጮቹ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ካቀረቡት ከእጥፍ በላይ ነበር። ኩባያው ያው ነው። የእኔ ስለሆነ ብቻ ተወደደ።

ስለዚህ «ልጣለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁልጊዜ «ይቆይ» ነው። እንዲህ ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ዛሬ ባይኖረኝ ወጥቼ እገዛው ነበር? ብዙውን ጊዜ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

«ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል» ለሚለው፣ ገንዘቡ አንዴ ወጥቷል። ዕቃው ተጨማሪ አምስት ዓመት ቁምሳጥን አናት ላይ ቢቀመጥ አይመለስም። «ስጦታ ነው» ለሚለው፣ የሰጣችሁ ሰው ደስ እንዲላችሁ ነው የሰጣችሁ፣ እንድትጠብቁለት አይደለም። «ቢፈለግስ?» የሚለው ግን ንቀት አይገባውም። ከጎረቤት መዋስ ወይም በቀላሉ መተካት የሚቻል ከሆነ ይውጣ። ውድና ለማግኘት አስቸጋሪ ከሆነ ይቆይ። ሁሉንም አውጥታችሁ ጣሉ የሚለው ምክር ለእኔ አይመቸኝም። መዶሻ፣ ፒንሳና ትርፍ ብሎን በዓመት አንዴም ቢነኩ ቦታቸው ይገባቸዋል። ክዳኑ የጠፋ ዕቃና ዕቃው የጠፋ ክዳን ግን አይገባቸውም።

4. የሌላውን ሰው ዕቃ አትንኩ

አንድ ቀን የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመሰለኝን ጥቁር ገመድ ጣልኩት። የባለቤቴ የድሮ ካሜራ ቻርጀር ነበር። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ገመድ በጠፋ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ነው።

በጋራ ቤት ውስጥ የራሳችሁን ዕቃ ብቻ የመጣል መብት አላችሁ። የሌላውን ለዩለት፣ በአንድ ቦታ ሰብስቡለት፣ ውሳኔውን ግን ለእሱ ተዉለት። የራሳችሁን ቁምሳጥን መጀመሪያ ስታስተካክሉ ሌላው እያየ ይከተላል። ካልተከተለም ቢያንስ አልተጣላችሁም።

ለልጆችም ይኸው ይሠራል። ተኝተው ሳሉ መጫወቻቸውን ብታስወግዱ በማግስቱ የሚጠይቁት ልክ ያንኑ ነው። ይልቅ ሁለት ሁለት እያቀረባችሁ አስመርጡ። መቀነሱ ራሱ ለጨዋታ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 36 ሕፃናትን አንዴ በ4፣ አንዴ በ16 መጫወቻ መካከል አስቀምጦ ተመልክቷል። 4 ብቻ ሲቀርብላቸው በአንዱ መጫወቻ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ደግሞም በተለያየ መንገድ ተጫውተዋል።

ስለዚህ ግማሹን በካርቶን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና በየወሩ ቀይሩት። የተመለሰው ልክ እንደ አዲስ ይታያል። የሚቀረው ክዳን የሌለው ዝቅ ያለ ቅርጫት ውስጥ ይሁን። የሦስት ዓመት ሕፃን ክዳን ከፍቶ ያወጣል፣ መልሶ ግን አይከድንም። ማንበብ ለማይችል ልጅ ቅርጫቱ ላይ የኳስ ወይም የመኪና ሥዕል ለጥፉለት።

5. ለቆየው ቦታ ስጡት

ዕቃ የሚቀመጠው የሚሠራበት ቦታ አጠገብ ነው። መቀስ ሦስት ቦታ የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስት መቀስ ይኑራችሁ፣ ኮተት አይባልም። በየቀኑ የሚነካው ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። በዓመት አንዴ የሚፈለገው ከላይ ይውጣ፣ ከባዱ ከታች ይቀመጥ።

ልጅ ባለበት ቤት ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለመሳቢያ ቁምሳጥን ልጅ መሳቢያዎቹን እንደ መሰላል ሲወጣባቸው ሊገለበጥ ይችላል። ከግድግዳ ጋር እሰሩት፣ ልጁን የሚያጓጓ ነገርም አናቱ ላይ አታስቀምጡ።

ልብስ መሳቢያ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ከመከመር አጥፋችሁ እንደ መጽሐፍ አቁሙት። አንዱን ስትመዙ ሌላው አይፈርስም። ሹራብ በመስቀያ ከተሰቀለ ክብደቱ ስለሚጎትተው ይረዝማል፣ እሱን አጥፉት። ለወራት የሚቀመጥ የሱፍ ልብስ ታጥቦ በደንብ ደርቆ ይግባ። ብል ላብና ቆሻሻ የነካው ሱፍ ላይ ይበረታል።

የትኛውን ልብስ እንደምትለብሱ ካላወቃችሁ ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። መስቀያዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ አዙራችሁ ስቀሉ። ለብሳችሁ የመለሳችሁትን ወደ ፊት አዙሩት። ከዓመት በኋላ ያልዞረው ራሱን አጋልጧል።

6. ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

መድኃኒት በብዙ ቤት መታጠቢያ ቤት ነው የሚቀመጠው። እንፋሎትና ሙቀት ያበላሸዋል፣ ከምድጃ አጠገብም እንዲሁ። ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ፈልጉለት። ቀኑ ያለፈበትን ፋርማሲ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቀበለና መመሪያው ሌላ ካላለ፣ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከአፈር ጋር ደባልቁት፣ በፌስታል ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር አውጡት። ስማችሁ ያለበትን ወረቀት ቅደዱ።

በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከአቼቶና አሞኒያ ካለባቸው ማጽጃዎች ለይታችሁ አስቀምጡ። ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከየጠርሙሱ የተረፈውን ወደ አንድ ማጠራቀም ቦታ የሚያተርፍ ይመስላል፣ እንዳታደርጉት። ወደ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥም ያው ነው።

የባትሪ መሳቢያውን እዩት። ክብ፣ ጠፍጣፋ የሆነውን ትንሹን ባትሪ ልጅ ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። ያበጠ የስልክ ባትሪም መሳቢያ ውስጥ አይቆይም፣ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አይጣልም። እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አሮጌ ባትሪ ወደሚቀበሉ ሰዎች ውሰዱት።

ወረቀት ሦስት ቦታ ይበቃዋል፦ ዛሬ የሚሠራበት፣ የሚቀመጥ፣ የሚቀደድ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርትና የንብረት ሰነዶች ውኃ በማያስገባ አንድ ማኅደር ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ። ቦታውን በቤቱ ያለ አዋቂ ሁሉ ይወቀው። ዋስትና ያለው ዕቃ ደረሰኝ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። አብዛኛው የሱቅ ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ስለሆነ ጽሑፉ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ዋስትናው ሳያልቅ ወረቀቱ ነጭ ይሆናል።

7. አሁን ሳጥን መግዛት ይቻላል

ሜትር ያዙ። የመደርደሪያውን ስፋት፣ ጥልቀትና ቁመት ለኩ፣ ጻፉ። ውስጡ የሚታይ ሳጥን ይሻላል፣ ካልሆነ ላዩ ላይ የያዘውን ጻፉበት። የጫማ ካርቶን ለመሳቢያ መከፋፈያ ከበቂ በላይ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ግን ካርቶን አታስቀምጡ። ይሻግታል፣ በረሮም በእጥፋቶቹ ውስጥ ይደበቃል።

8. የሚወጣውን ቶሎ አውጡ

በር ጥግ የቆመ ፌስታል ተመልሶ ይገባል። አንዱ «ይቺ ምን ሆነች?» እያለ አንድ አንድ ያወጣል። ለሰው የሚሰጠውን እጠቡ፣ ተቀባዩን ይፈልገው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በሳምንት ውስጥ አድርሱ። የተቀደደና የተሰበረ ነገር መስጠት የራስን ቆሻሻ ሌላውን ማስጣል ነው።

9. እንዳይመለስ

ማታ 10 ደቂቃ፣ ሁሉም ሰው፣ በአንድ ላይ። ስልክ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ወደ ቦታው ይመልሳል። ከ10 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ዕቃው አሁንም በዝቷል ወይም ቦታው ርቋል። አዲስ ጫማ ሲገባ አንድ አሮጌ ይውጣ። በር አጠገብ ለቁልፍ መንጠቆ፣ ለቦርሳ መስቀያ አድርጉ፣ ሰው ከውጭ ሲገባ እጁ ላይ ያለውን የሚጥለው እዚያው ነውና።

እና ያቺ ወንበር። በየቤቱ አንድ ወንበር አለች። ያልቆሸሸ ግን ንጹሕም ያልሆነ ልብስ የሚቆለልባት፣ ሰው ተቀምጦባት የማያውቅ። ልብሱ ወደ ቁምሳጥን አይመለስም፣ ለእጥበትም አልደረሰም፣ ቦታ የለውም። እኛ ቤት በሩ ጀርባ አራት መንጠቆ መታንና ወንበሯን ከክፍሉ አወጣናት። ሦስት ቀን ልብሱ ወለል ላይ ወደቀ። በአራተኛው ቀን መንጠቆው ላይ አንድ ሱሪ አየሁ።