መሪው ተንቀጠቀጠ ብላችሁ መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ከመሮጣችሁ በፊት

ብዙ ሰው መኪናው መታመሙን የሚያውቀው የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ በ40 እና በ50 ስትነዱ ምንም የለም። መግቢያውን አልፋችሁ 90 ስትደርሱ ግን መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እኔም እንደዛ ነው ያወቅኩት። የኔዋ ቪትስ ናት። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ የእግር ነው (ጎማውን ከመኪናው አካል የሚያያይዙት ክፍሎች)፣ እንቀይረው» አለኝ። ዕቃ ገዛሁ፣ ተቀየረ፣ መንቀጥቀጡ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ አንድ ጎሚስታ ጎማውን አወረደና ከቸርኬው ውስጥ ጣት የሚያህል የደረቀ ጭቃ ፈልፍሎ አወጣ። ገጠር ለለቅሶ ሄጄ ያመጣሁት ጭቃ! ያወጣሁትን ብር ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ሳያስተውሉ ዕቃ መቀየር። ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ አንዳንዴ ከዛ ስታልፉ የሚጠፋ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማና ቸርኬ ነው። ወይ ባላንስ የለውም፣ ወይ ቸርኬው ጉድጓድ ገብቶ ተጣሟል፣ ወይ እንደኔ ጭቃ ይዟል። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ የፊት ዲስክ ነው፤ ፍሬኑ የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት። ነዳጅ ስትረግጡ መጥቶ ስትለቁ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከማርሹ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያ ይታይ። መብራት ላይ ቆማችሁ የሚንቀጠቀጥማ የጎማ ጉዳይ አይደለም፣ ሞተሩን የተሸከሙትን ጎሚኒዎች አሳዩ።

ከመሪው ይልቅ ወንበሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኋላ ጎማ ነው። ከተጠራጠራችሁ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዘዋውሩና በዛው ፍጥነት ንዱት። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ ወንበሩ ከዞረ ጥፋተኛው ተገኘ፣ ለዛውም ምንም ዕቃ ሳትገዙ።

ሌላው ባላንስንና አላይመንትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። «አላይመንት አሰርቼ እንኳን አልተወኝም» የሚል ሰው በየጊዜው ያጋጥመኛል። አይተወውማ! አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫ ነው የሚያስተካክለው፤ የሚያስፈልገው መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወይም ጎማው በአንድ በኩል ሲበላ ነው። ባላንስ ደግሞ ጎማው ሲሽከረከር ክብደቱ በሁሉም በኩል እኩል እንዲሆን ቸርኬው ላይ ትናንሽ ክብደት መግጠም ነው። እርግጥ አላይመንቱ የተበላሸ መኪና ጎማውን እየበላ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ያኔ ግን አላይመንቱ ቢስተካከልም የተበላው ጎማ አይመለስም።

ባላንስ ስታሰሩ ደግሞ «እስኪያልቅ ሻይ ልጠጣ» ብላችሁ አትሂዱ። ቁሙና እዩ። መጀመሪያ ጭቃውና አሮጌው ክብደት ይነሳ። ጎማው ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር የቸርኬውን ጠርዝ ተመልከቱ። ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ጠማማ ነው፣ እና ጠማማ ቸርኬ ላይ ክብደት ብትደረድሩበት ማሽኑ ዜሮ፣ ማለትም ተስተካክሏል ይላችኋል፣ መንገዱ ግን አይላችሁም። ለጌጥ ብላችሁ ከመኪናው ጋር ያልመጣ ቸርኬ አስገብታችሁ ከሆነም የመሃል ቀዳዳው ልኩን ጠይቁ። ከሰፋ፣ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ላይ ማዕከሉን ጠብቆ አይቀመጥም፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አለ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጎሚስታው የጎማ መፍቻ ቁልፉ ላይ ወጥቶ ሲዘል እኛ ደግሞ «ጎበዝ፣ አጥብቅልኝ» እንላለን። ቶዮታ ለቪትስ ጎማ ዳዶ የሚያዘው የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ የሰው ሙሉ ክብደት ረጅም ቁልፍ ላይ ሲዘል ከዛ በብዙ ያልፋል። ብሎኑን ከመጉዳቱ በላይ አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ከላላ ዲስኩን ያጋድለዋል። የተጋደለ ዲስክ ደግሞ በየዙሩ የፍሬን ሸራውን በአንድ ቦታ እየነካ ይሄዳል፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ከዛ ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንዘፈዘፋል። የሚሊሜትር መቶኛ ጥቂት ልዩነት እጅ ላይ ይሰማል። ሰው «ዲስኩ ጠመመ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄንን ነው። ስለዚህ ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ልክ የሚለካ ቁልፍ ያለው ቤት ፈልጉ፤ ካጣችሁ በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዛ ትይዩውን እያሉ፣ በዙር በዙር ይጥበቅ።

ዲስኩ አንዴ እንዲህ ከሆነ ሸራ ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው፣ አዲሱም ሸራ በዛው ዲስክ ላይ ነው የሚሄደው። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጭበት) ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት ሳያዩ አያስነኩት፤ ከዛ ከሳሳ አዲስ ግዙ። አዲሱ ሲገጠምም ሞዞው ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጸዳ፣ አለዚያ አዲሱም ተጋድሎ ይቀመጣል።

«ትንሽ ነው፣ እያየሁት እሄዳለሁ» ማለት የማይሰራባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጎማው ጎን ላይ እንደ እብጠት ያለ ነገር ካያችሁ ነው፤ ውስጡ ተበጥሷል፣ በስኮርት (መጠባበቂያ) ጎማ ቀይሩትና ያንን ከዚያ በኋላ አትንዱበት። ሁለተኛው ጎማ በተቀየረ ማግስት በዝግታም ስትነዱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ነው። ዳዶው ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ቤቴ ልድረስ ሳትሉ ዳር ይዛችሁ ቁሙና የጎማ መፍቻ ቁልፉን አውጥታችሁ ዳዶውን አጥብቁ።