ባልና ሚስት ጣናን ደሴት በደሴት ለመዞር እንዴት ያቅዱ?

ባለፈው ጥር እኔና ባለቤቴ የዓመት ፈቃዳችንን አንድ ላይ ወስደን ባሕር ዳር አንድ ወር ተቀመጥን። አንዲት ክፍል ተከራየን። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጀልባ እየያዝን የጣናን ደሴቶች ዞርን። አሁን እሱን ብትጠይቁት "ግማሹ ይበቃ ነበር" ይላችኋል። እኔ ግን ገና አልጠገብኩም። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። የቀዘፍነው ውሃ አንድ ነው፤ ልባችን ላይ የቀረው ግን ለየቅል ነው።

ጣና ላይ ደግሞ ጥንዶች ቀድመው ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አንዳንዱን ደሴት ሴት አትረግጠውም። ይህን ሳያውቁ ወይም እያወቁ ሳያቅዱ የወጡ ባልና ሚስት፣ አንዱ ሞልቶ አንዷ ጎድላ ይመለሳሉ። እኛም አንድ ቀን እንዲሁ ሆነን ተመልሰናል። እናንተ እንዳትሆኑ ነው የምጽፈው።

1. ወሩን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ ደርቋል። በክረምት ጀልባ ላይ ወር ሙሉ መመላለስ አይመከርም። ከቤት ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም እዚያው ከሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ይህ የማይታለፍ ነው።

2. ከቅርቡ ጀምሩ

የመጀመሪያው ሳምንት የመልመጃ ይሁን። ደብረ ማርያም የምትባለው ደሴት ለከተማው ቅርብ ናት። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትም እዚያው አጠገብ ነው፤ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ። አንዳችሁ ጀልባ ሲያናውጥ የምትታመሙ ከሆነም እዚህ ይታወቃል። የሦስት ሰዓት መንገድ መሐል ላይ ከማወቅ ይሻላል።

3. ጀልባውን ስትይዙ ሁሉንም ተነጋገሩ

ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አትሳፈሩ። የትኞቹ ደሴቶች ላይ እንደምትወርዱ፣ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ በግልጽ ጨርሱ። እኛ አንድ ቀን "ሁሉንም እናያለን" በሚል ቃል ብቻ ወጥተን፣ ነጂው ግማሽ መንገድ ላይ ተጨማሪ ሒሳብ ጠየቀን። ከዚያ ወዲህ ስምምነታችንን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ላይፍ ጃኬቱንም ወደብ ላይ እያላችሁ ልበሱት፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ከሆነ አስቀይሩ። የገዳማቱ መግቢያ የሚከፈለው እዚያው ነው፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ከሥር መደብደብ ይጀምራል። ባለቤቴ ጉዞውን የጠላው በአንድ እንዲህ ባለ ቀን ይመስለኛል። ልብሱ እስከ ወገቡ ርሶ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ነው ወደብ የደረስነው። ጥፋቱ የሐይቁ አልነበረም፤ ዘግይተን ተነስተን ነው።

4. ሴት የማትገባበትን ከምትገባበት ጋር አጣምሩ

ዋናው ይኸው ነው።

ዳጋ እስጢፋኖስ ወንዶች ብቻ የሚወጡበት ደሴት ነው። የዓፄ ዳዊት፣ የዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዓፄ ዘድንግልና የዓፄ ፋሲል አፅም ያረፈው እዚያ ነው። ባለቤቴ ዳገቱን ወጣ። እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ አከብረዋለሁም። ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ሌላ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ሲያቀዘቅዝ ቃጠሎው አይታወቅም። ነጂው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አውርደው "እህቴ፣ ይቺን ጣል አድርጊ" አሉኝ።

ያኔ ነው ታንኳ በቅርብ ያየሁት። አንድ ጎልማሳ ከደንገል የተሠራች ታንኳውን ወደኛ አስጠጋ። እስር እስር ደንገሉ በልጥ ተጠፍሮ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ውሃው በደንገሉ መሐል ሽቅብ እየገባ መቀመጫውን ያረጥበዋል። ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ፣ ሲመሽ አውጥተው ፀሐይና ነፋስ የሚያገኛት ቦታ ያቆሟታል። "ስንት ጊዜ ታገለግልሃለች?" አልኩት። "ከረጠበች አትቆይም፣ ሌላ እሠራለሁ" አለኝና ቀዘፈ። ባለቤቴ ዓይኑ እያበራ ሲመለስ ስለ ነገሥታቱ አወራኝ፤ እኔም ስለ ታንኳዋ አወራሁት። ቢሆንም ቅር ብሎኝ ነበር። እሱም ገባው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዳጋ ከደቅ ደሴት በስተምሥራቅ ነው። ከደቅ በስተምዕራብ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለች። ናርጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ ሴትም ወንድም ይገባል። ባል ዳጋ ሲወጣ ሚስት ደቅ ላይ ወርዳ መንደሩን ትይ፤ ከዚያ አብራችሁ ናርጋ ሂዱ። እኛ በሁለተኛው ጉዟችን እንደዚህ አደረግን። ግድግዳው ላይ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ያቺ ሁሉ ሥልጣን የነበራት ንግሥት እንደዚያ ዝቅ ብላ ሳያት እንባዬ መጣ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ምንም አላለም፣ ትከሻዬን ብቻ ያዝ አደረገኝ።

ለከተማው የሚቀርበው የደሴት ጥንድ ደግሞ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ነው። ክብራን ለወንድ ብቻ ነው። እንጦስ ግን ሴቶች የሚኖሩበት ገዳም ነው፣ ሁለቱም ፊት ለፊት ናቸው። ባልን ክብራን አውርዶ ሚስትን እንጦስ ማድረስ ለነጂው ምንም አይደለም፤ ጠዋቱን ንገሩት እንጂ። እኔን እማሆይ ተቀብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ ስሄድ ቆሎ ቋጥረው ሰጡኝ። ከባለቤቴ ጋር ጀልባው ላይ ተካፈልነው።

5. በቀን ከሁለት ቤተ ክርስቲያን አትለፉ

ዘጌ በምትባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ አሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት ስንሮጥ ባለቤቴ "ሥዕሎቹ ተምታቱብኝ" አለ። ልክ ነበር። ኡራን ብቻ ይዛችሁ፣ የመቅደሱን ዙሪያ ቀስ ብላችሁ ብትዞሩ ይበልጣል። መንገዱ ራሱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ዘጌ እንደ ሌላው ገጠር በበሬ አይታረስም፤ ቡናውና ጌሾው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀለ ይነገራል። ከአንድ ደጅ ላይ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አየንና ቆምን። የቤቱ እመቤት "ግቡ እንጂ" አለችን፣ ቆልታ አፈላችልን። ባለቤቴ ወሩን ሙሉ የወደደው ቀን ይሄ ነው። ሦስተኛውን ጠጥተን ነው የተነሳነው።

ነጠላና ረጅም ቀሚስ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ጫማ ይወለቃል፣ ካልሲ ያዙ።

6. ከውሃው ተጠንቀቁ

ሐይቁ ይጣራል፣ ግን አትዋኙ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው በደንገሉና በሣሩ መሐል ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ እግር ነክሮ መቀመጥም አይበጅም። የነካችሁ ከሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ተመርመሩ። ወባም ስላለ አጎበር ውስጥ ተኙ።

እምቦጭ ያለበት ዳርቻም ያጋጥማችኋል። ከሩቅ አረንጓዴ መስክ ይመስላል፣ አበባውም ያምራል። ሲቀርቡት ግን ዓሣ አስጋሪው መረብ የሚጥልበት ቦታ አጥቶ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ያን ቀን ሁለታችንም አዝነን ነው የገባነው።

7. የዕረፍት ቀን ይኑራችሁ

ከጀልባ ቀን ቀጥሎ ያለው ቀን ባዶ ይሁን። ሐይቁን ዳር ዳሩን በእግር መሄድ፣ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሶ መብላት፣ መተኛት። ተለያይቶ መዋልም ነውር የለበትም። እሱ ከሰፈር ልጆች ጋር ከረንቡላ ሲጫወት እኔ ሐይቁ ዳር ቁጭ እል ነበር። ማታ ስንገናኝ ወሬያችን ብዙ ነበር።

8. ማታ ማታ ለየብቻ ጻፉ

አንድ ደብተር ያዙ። አንደኛው ገጽ የሱ፣ ሌላው የእሷ። ሳትመካከሩ ሦስት ሦስት መስመር ጻፉ፣ ከዚያ ተቀያይራችሁ አንብቡ። ከናርጋ በተመለስንበት ማታ እሱ የጻፈው "መንገዱ ረዘመብኝ። ጀርባዬን አመመኝ። እሷ ግን ስታለቅስ አየሁ፣ እንኳን ሄድን" የሚል ነበር። የኔ ገጽ ላይ ስለ መንገዱ ርዝመት አንድም ቃል የለም። እንደደከመው ያወቅሁት ከደብተሩ ነው።

የመጨረሻው ቀን ላይ "ድጋሚ የት?" ብለን ለየብቻ ጻፍን። እሱ ዘጌ አለ፣ እኔ ናርጋ። በመጪው ጥር የምንሄደው ለአሥር ቀን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ዘጌ፣ ከዚያ ናርጋ። ሽማግሌውን ነጂ ካሁኑ ደውለን አነጋግረናቸዋል፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ እንዲጠብቁን።