የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ እንዴት ይቀየራል?

ኮምፒውተሩ ዲቪዲ ድራይቩን ማየት ሲያቆም ጥፋተኛው ሁልጊዜ ድራይቩ አይደለም። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የመረጃ ገመዱን ለውጠው ይሞክሩ። ችግሩ ካልተፈታ ደግሞ ኬዙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ ይመልከቱ፤ ድራይቩ የሚገባበት የ5.25 ኢንች ክፍት ቦታ በብዙ አዳዲስ ኬዞች ላይ የለም። ከሌለ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ድራይቭ ይግዙ። ካለ ደግሞ አሮጌው ድራይቭ የተሰካበትን ገመድ ያስተውሉ። ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ አይዲኢ የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው፤ ሳታ በሚባለው አዲሱ የመሰኪያ ዓይነት የሚሠሩት የዛሬዎቹ ድራይቮች አይሰኩበትም።

ሥራው የሚጀምረው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የኃይል ገመዱን ከሶኬቱ በመንቀል ነው። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ፤ ውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። ያልተቀባ የኬዙን ብረት መንካትም በሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያስወግዳል።

የጎን ክዳኖቹን ሁለቱንም ይክፈቱ፤ ድራይቩ የሚታሰረው በግራም በቀኝም ነው። ገመዶቹን ሲነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን የመሰኪያውን ራስ ይያዙ፤ መቆንጠጫ ካለው ተጭነው ይልቀቁት። ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈትተው ድራይቩን ከኋላ ወደ ፊት ይግፉት። ቦታው ከዚህ በፊት ባዶ ከነበረ የፊቱን ፕላስቲክ መሸፈኛ ያውልቁ፤ ከጀርባው የብረት ሳህን ካለ ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና ይጠንቀቁ።

አዲሱ ከፊት ገብቶ ፊቱ ከኬዙ ፊት ጋር እኩል መሆን አለበት። ብሎኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርገው ያስገቡ፣ ድራይቩን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ለድራይቩ የሚሆነው ኤም 3 የሚባለው 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አጭር ብሎን ነው፤ የሃርድ ዲስኩ ብሎን ጥርሱ ሻካራ ስለሆነ ቀዳዳውን ያበላሻል። በእጅ መዞር እምቢ ካለ አያስገድዱት።

ጠባቡ ባለ 7 ፒን ገመድ ለመረጃ፣ ሰፊው ባለ 15 ፒን ለኃይል ነው። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባሉ። ገመዶቹ የሚነቀሉ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ካለዎት ግን ከሌላ ፓወር ሳፕላይ የተወሰደ ገመድ በፍጹም አይጠቀሙ። ልክክ ብሎ ቢገባም የፒኖቹ አደራደር ሊለያይና ድራይቩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ክዳኑን ሳይዘጉ አብርተው ይፈትሹ። ዊንዶውስ ድራይቩን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያውቀዋል። ካላየው ሌላ የሳታ መሰኪያ ይሞክሩ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳዎች) ላይ ኤም.2 የሚባለው በቀጥታ ሰሌዳው ላይ የሚሰካ ትንሽ ዲስክ ሲገባ አንዱ የሳታ መሰኪያ ይዘጋል። ድራይቩ ታይቶ ፊልም ብቻ እምቢ ካለ ግን ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ 10 እና 11 የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ይዘው ስለማይመጡ፣ በነጻ የሚገኘውን ቪኤልሲ ይጫኑ።