ጎንደር ላይ የሃሪ ቤላፎንቴን የፊልም ምሽት ለማሰናዳት

እኔ ባለፈው ዓመት የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙት። ማራኪ አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰብሰብ ብለን ፊልም እናያለን። የጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝና ተዋናይ የሃሪ ቤላፎንቴ ተራ ሲደርስ ፊልሙን አስቀደምኩና ለጥቁሮች መብት ስላደረገው ትግል የማወራውን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ፊልሙ ሲያልቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የአዘዞ ልጆች "ባጃጅ ሳይጠፋብን" ብለው ብድግ አሉ፣ ሌላውም ተከትሏቸው ወጣ፣ እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ ከጓደኛዬ እናትና ከጀበናው ጋር ቀረሁ።

ስለዚህ ትግሉን ወደ መጨረሻ አትግፉት። የሰውየው ሕይወትም እንደዛ አልነበረም። ከጠገበና ካረጀ በኋላ በጎ አድራጎት ትዝ ያለው ሰው አይደለም። በ1950ዎቹ ስሙ ሲገን ጀምሮ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ነበር፣ የዘፈኑና የፊልሙ ገንዘብም ለትግሉ፣ ለታሰሩት ዋስ ሳይቀር፣ ይወጣ ነበር።

መግቢያውን አሳጥሩት። በ1927 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጥቂቱን ጃማይካ አሳለፈ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ገባ፤ በ2023 በ96 ዓመቱ አረፈ። ይበቃል። ዓመቶቹ የፈረንጅ መሆናቸውን ግን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አለዚያ አንዱ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ስምንት ሲቀንስ ያመሻል።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ የሚጠራው የ1954ቱን "ካርመን ጆንስ" ነው። ከሱ አሥር ደቂቃ ብቻ አሳዩ። እዛ ውስጥ የሚዘፍነው ድምፅ የቤላፎንቴ አይደለም! የኦፔራ ድምፅ ስለተፈለገ፣ ያን የሚያህል ዘፋኝ አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ አደረጉት። በትርጉም ፊልም ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ሳሎኑም ሞቅ ይላል።

ሙሉውን የምታሳዩት የ1959ኙን "ኦድስ አጌንስት ቱሞሮ" ይሁን። በራሱ ኩባንያ ያሠራው ፊልም ነው። ሦስት ሰዎች ባንክ ሊዘርፉ ይስማማሉ፣ አንደኛው ነጭ ግን ጥቁር አይወድም፣ ሥራው ሁሉ በዚያ ጥላቻ ይበላሻል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ከዚህ በኋላ ቤላፎንቴ አሥር ዓመት ያህል ከሲኒማ ራቀ፤ የሚሰጡት ሚናዎች አልጣሙትም።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ እናገኛለን ብላችሁ አትድከሙ። እንግሊዝኛው የሚቀናው አንድ ሰው ቀድሞ ሁለት ጊዜ ይየውና ፊልሙ እየሄደ ይተርክ። እያንዳንዱን ቃል ሳይሆን ነገሩን። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፣ ስለ መብራት ለጎንደር ሰው አልነግርም።

አሁን ዋናው ዘዴ። ፊልሙን መሃል ላይ አቁሙት። ሰው "ምነው?" ሲል የሚሲሲፒውን ታሪክ ንገሩ። ዘመኑ 1964፣ በጋቸው ነው። ጥቁሮች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ይሠሩ ከነበሩት ሦስት ወጣቶች ተገድለዋል። ግሪንውድ የሚባል ከተማ ያሉት ታጋዮች ገንዘብ አልቆባቸዋል። ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር አሰባሰበና፣ በዚያው ዓመት ኦስካር የወሰደውን ተዋናይ ጓደኛውን ሲድኒ ፖይቲየርን አስከትሎ፣ በትንሽ አውሮፕላን በሌሊት ወረደ። ከማረፊያው ወደ ከተማው ሲሄዱ ጥቁር የሚጠላው የነጮች ቡድን፣ የኩ ክለክስ ክላን፣ ሰዎች በመኪና ተከትለው ከኋላ ይገጩ ጀመር። ብሩ ቦርሳ ውስጥ ነው። እንደምንም ደረሱ፣ ታጋዮቹ በተሰበሰቡበት አዳራሽም ብሩን ዘረገፉት። ይህን ንገሩና ምንም ሳትጨምሩ ፊልሙን ቀጥሉ። ሰው ፊቱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ቅዱስ ግን አታድርጉት። በ2002 ጥቁሩን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውልን በጌታው ቤት ከሚያገለግል ባሪያ ጋር አመሳስሎ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። "ልክ ነበር ወይ?" ብላችሁ ወርውሩና ተዉአቸው፣ ክርክሩ ራሱን ይችላል።

የኛን ነገር ለሁለተኛው ቡና አቆዩት። በኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ አሜሪካ ያሉ ዘፋኞችን ለአፍሪካ የማሰባሰቡ ሐሳብ የመጣው ከሱ ነው። የዘፈኑ፣ የ"ዊ አር ዘ ወርልድ"፣ ቀረጻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጥር 20 ቀን ሌሊት ነበር፣ ጥምቀት ባለፈ በዘጠኝ ቀኑ ማለት ነው። በዚያው ሰኔም እዚሁ ኢትዮጵያ ድረስ መጣ። ቪዲዮውን ክፈቱና "ቤላፎንቴን ፈልጉ" በሏቸው። ከአርባ በላይ ዘፋኝ አለ፣ እሱ ከአጃቢዎቹ መሃል ቆሟል፣ ለብቻው የሚዘፍናት አንዲት ስንኝ እንኳ የለችውም።

የዛን ዘመን ሰው በመሃላችሁ ካለ "ረሃቡ እንዴት ነበር?" ብላችሁ አታፋጡት። ዝም በሉ፣ ካሻው ራሱ ያወራል። ያን ማታ የጓደኛዬ እናት ቪዲዮውን በስልኬ አይተው፣ "ይሄ ሁሉ ለኛ ነው የሚጮኸው?" አሉኝ። ቡናውን ቀድተው ሰጡኝና፣ "ዱቄቱን እንጂ ዘፈኑንስ አልሰማንም።" ሌላው ሁሉ ወጥቶ ስለነበር ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ለባጃጁ ልጅ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይጠብቃችሁ።