ውሻ ገመድ ሳይጎትት እንዲሄድ እንዴት ይሠለጥናል?

በባሕር ዳር ብዙ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ግቢ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። እንዲህ ያደገ ውሻ ወደ ሐይቁ ዳር የወጣ ዕለት ባለቤቱን እየጎተተ ቢወስደው ሊያስገርም አይገባም፤ የሚጎትተውም ከክፋት ወይም ከንቀት ሳይሆን ጎትቶ ስለሚደርስ ነው። እርሱ በጎተተና ሰው በተከተለው ቁጥር መጎተት እንደሚያዋጣ ይማራል። ሥልጠናው የሚሽረው ይህንኑ ልማድ ነው፦ ገመዱ ሲወጠር ጉዞው ይቆማል፣ ሲላላ ይቀጥላል።

ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበ ከግቢ አይውጣ።

ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም፣ ለእጅ የሚመች ገመድና ሰፋ ያለ የአንገት ቀበቶ ይበቃል። በጣም ጉልበተኛ ለሆነ ውሻ ግን ከፊት ለፊት፣ ደረቱ ላይ ቀለበት ያለው የደረት ማሰሪያ ይሻላል፤ ሲጎትት አካሉን ወደ እርስዎ ስለሚያዞረው ጉልበቱ ይቀንሳል። ሲጎተት አንገት የሚያንቀውን ሰንሰለት አልመክርም፤ ጉሮሮ ይጎዳል፣ ውሻውንም ከማስተማር ይልቅ ያስፈራዋል። ከመያዣው ውስጥ እየተሳበ የሚረዝመውና ተመልሶ የሚጠቀለለው ገመድም ሁልጊዜ በመጠኑ እንደተወጠረ ስለሚቆይ መጎተትን ያስተምራል እንጂ አያስቀርም። ገመዱን በእጅ ላይ መጠቅለል ጣት ያሰብራል፤ አውራ ጣትዎን በመያዣው ቀለበት አስገብተው በጡጫ ይያዙት።

ለሽልማት ያለ ጨው የተቀቀለ ሳንባ የሽምብራ ፍሬ አሳክለው ይቁረጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጎዱ ከወጥ የወጣ ሥጋ አይስጡ።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች በግቢ ውስጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሁኑ። ውሻው ከሰንሰለት እንደተፈታ ወዲያው አይጀምሩ፤ ሮጦ፣ አሽትቶ፣ ሽንቱን ሸንቶ ይረጋጋ። ከዚያ በጎንዎ አድርገው ይራመዱ፤ ገመዱ ላልቶ እያለ በየጥቂት እርምጃው «ጎበዝ» ይበሉና ቁራጯን ከጉልበትዎ አጠገብ ይስጡት። ወደ ፊት ዘርግተው ከሰጡት ቦታው ከፊት እንደሆነ ይማራል።

ከባዱ ክፍል መቆም ነው። ገመዱ እንደተወጠረ ሁለት እግርዎን አጋጥመው፣ የያዙበትን እጅ ወደ ሆድዎ አስጠግተው ቀጥ ይበሉ። ወደ ኋላ አይሳቡት፤ ውሻ ሲስቡት በተፈጥሮው ይበልጥ ስለሚገፋ ነገሩ ወደ ጉልበት መፈታተሽ ይለወጣል። አይቆጡት፣ ስሙንም አይደጋግሙ። ዝም ብለው ይመልከቱት፦ መጀመሪያ አንድ ጆሮው ወደ እርስዎ ይዞራል፣ ቀጥሎ በፊት እግሮቹ ላይ የጣለው ክብደት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያም ገመዱ ይረግብና የቀበቶው መንጠቆ ቁልቁል ይንጠለጠላል። «ጎበዝ» የሚባለው መንጠቆው በወረደበት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከዘገየ ውሻው የተመሰገነበትን ምክንያት አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሻው በተመለሰ ቁጥር ወዲያው ሥጋ ከተሰጠው «ጎትት፣ ተመለስ፣ ብላ» የሚል ሌላ ትምህርት ይይዛል፣ ሆን ብሎም ይጎትታል። ስለዚህ ሲመለስ በቃል ብቻ አመስግነው ጉዞውን ይቀጥሉ፤ ሥጋው ገመዱ እንደላላ አምስት ስድስት እርምጃ ከተሄደ በኋላ ይምጣ። ቆመው ቢጠብቁትም የማይዞር ከሆነ በእርጋታ ፊትዎን አዙረው ወደ መጡበት ይመለሱ።

ቸኩለው «ዛሬ ብቻ» ብለው አንዴ ከተከተሉት፣ ረጅም ከጎተተ እንደሚሳካለት ተምሯል። ጊዜ በሌለዎት ዕለት የደረት ማሰሪያ አልብሰው ገመዱን ከአንገት ቀበቶው ፈትተው በማሰሪያው ጀርባ ላይ ባለው ቀለበት ያያይዙት፤ ውሻ ይህን ልዩነት በሚገባ ስለሚያውቅ የአንገት ቀበቶው የትምህርት ምልክትነቱን ይጠብቃል።

በሩ ላይ ቸኩሎ ከወጣ መንገዱን ሁሉ እንደቸኮለ ይሄዳልና ሳይረጋጋ አይክፈቱለት። ባጃጅ በማይበዛበት የውስጥ መንገድ ይለማመድና ወደ ሐይቁ ዳር ይሻገሩ። አስፋልቱ ቀትር ላይ መዳፉን ስለሚያቃጥል ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዓሣ አስጋሪዎች አምባዛና ቆሮሶ በሚያወርዱበት ቦታ ግን ጠረኑ የሠለጠነውንም ይፈትናል። ሳንባውን ከእጅዎ መብላት እምቢ ካለ በጣም ቀርበዋል ማለት ነው፤ እስኪበላ ድረስ ይራቁ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ይቅረቡ። ገመዱን አላልቶ ከሄደ ዘንባባዎቹን እንዲያሸት መፍቀድ ከሥጋ የማያንስ ሽልማት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ በደንገሉ መካከል አያስገቡት።

ሰው ውሻ ሊፈራ መብት አለው። በተለይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ምእመናን ለኪዳንና ለቅዳሴ በሚገቡበት ሰዓት በሌላኛው ወገን ይሻገሩ፣ ገመዱንም ያሳጥሩ፤ ሰው ካለፈ በኋላ እንደገና ያላሉት።

ልጆችና የግቢው ጠባቂም ውሻውን የሚያወጡ ከሆነ አንድ ላይ ወጥተው መቆሙን በተራ ይለማመዱ። ጠባቂው እየተጎተተ የሚያወጣው ከሆነ ግን፣ እርሱ እስኪለምድ ድረስ ውሻውን የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።