ቱላንጊ ጫካ ውስጥ መኪናው እምቢ ሲል

ከሜልበርን በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የቱላንጊ ደን ለጀማሪ የሚሆኑ አጫጭር የፎር ዊል መንገዶች አሉት። የመጀመሪያ ቀን የሚገጥመው ችግር አብዛኛው ከመኪናው አቅም ማነስ አይደለም፤ ከጎማ አየርና ከጥድፊያ ነው።

ዳገት ላይ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን አይወጣም
ለአስፋልት 36 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው በጠባቡ ስለሆነ ቆንጥጦ አይዝም። ከመግባታችሁ በፊት ወደ 26 ወይም 28 አውርዱት። ከዚያ ቁሙና ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታ ግን በጉልበት የሚያዞረውን ማርሽ) አስገቡ። ነዳጅ መጨመር መንገዱን ይቆፍራል እንጂ አያወጣም። ስትመለሱ አስፋልት ላይ ከመፍጠናችሁ በፊት አየሩን የምትሞሉበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዙ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል
ጎማው ስለተቆለፈ ነው። ፍሬኑን ላላ አድርጉት። ቀድሞውኑ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ፎር ሎው አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ቢሆን ሞተሩ ራሱ ይይዘው ነበር። ፍሪሲዮን አትርገጡ።

ጭቃ ውስጥ ሰመጠ
ዝናብ የጠገበው ሸክላ አፈር እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ጎማው በቦታው መሽከርከር እንደጀመረ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ። እኔ ልጆቼን ኋላ አስቀምጬ ስረግጥ ስረግጥ መኪናው በሆዱ ተኛ፤ ቀድሜ ብቆም ኖሮ በአካፋ ብቻ እወጣ ነበር። ከጎማው ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን ጭቃ ጥረጉ፣ የፕላስቲክ ሳንቃ ካላችሁ ከጎማው ሥር አስገቡ፣ በገባችሁበት በኩል ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ውጡ።

ሌላ መኪና የሚጎትታችሁ ከሆነ ይህን አደራ እላለሁ፦ ገመዱን ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ በፍጹም አትሰሩ። ኳሱ የተሠራው ተጎታች ለመሳብ ነው፤ የሰመጠ መኪና ሲመነጨቅ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወረወራል። አውስትራሊያ ውስጥ ሰው የሞተበት ነገር ነው። ሻሲው ላይ የታሰረ፣ ለዚሁ የተሠራ መንጠቆ ተጠቀሙ፤ የቀረው ሰው ሁሉ ርቆ ይቁም።

አስፋልት ላይ ስትመለሱ መሪው ይከብዳል፣ ሲታጠፍ ይንገጫገጫል
ፎሩን ሳታወጡ ቀርታችኋል። በብዙ መኪኖች የፊትና የኋላው እግር አንድ ላይ ስለሚታሰር ደረቅ አስፋልት ላይ ማርሹን ይጎዳል። ወደ ሁለት እግር መልሱት።

የመንገዱ በር ተቆልፏል
ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ብዙ የጫካ መንገዶች በክረምቱ፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ይዘጋሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ተቆልፎ ካገኛችሁት በጎን አትዙሩት፤ በእርጥብ መሬት ላይ የቀረ የጎማ ቦይ ውሃ እየወረደበት መንገዱን ይቆርጠዋል።